መቀናጆው ሲፈርስ፦ የሁለት ወንድማማቾች ጠብና የታናሹ ሕመም

ሰውየው ጤና ጣቢያ የመጣው "ራሴን ያቃጥለኛል" ብሎ ነው። ዕድሜው ወደ አርባ ይጠጋል። ገበሬ ነው፤ ባለትዳርና የአራት ልጆች አባት። በምዕራብ ጎጃም፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል ካሉት የገጠር ቀበሌዎች በአንዱ ይኖራል። በቆሎ፣ ዳጉሳና በርበሬ ያመርታል። ጊዜው 2010 ዓ.ም. ነበር፤ እኔ በዚያ አካባቢ በአእምሮ ጤና ክትትል ላይ እሠራ ነበር። ጉዳዩን የምጽፈው እሱም ወንድሙም ፈቅደውልኝ ነው። ማንነታቸውን የሚያሳብቁ ነገሮችን ቀይሬያለሁ። ስም ስለማልጠራ ታላቁና ታናሹ እያልኩ እቀጥላለሁ። ታካሚው ታናሹ ነው።

ካርዱ ወፍሯል። ከዓመት በላይ ተመላልሷል። ታይፎይድ ተብሎ ታክሟል፤ ታይፈስ ተብሎ ታክሟል። የጨጓራ መድኃኒት በየጊዜው ተጽፎለታል። ደሙ፣ ሰገራው፣ ሽንቱ ተመርምሮ የረባ ነገር አልተገኘም። ጠበልም ሄዷል፤ ሱባኤ ይዟል። "ጠበሉ ጋ ሳለሁ ይሻለኛል። አገሬ ስገባ ይብስብኛል" አለኝ። ይህችን አነጋገር ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

እያዋራሁት ስሄድ ዝርዝሩ ወጣ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይባንናል፤ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም። እህል አይበላለትም። ደረቱን ይጫነዋል። ማሳ መሀል ቆሞ ምን ሊሠራ እንደመጣ ይጠፋዋል። የልጆቹ ጫጫታ ያበግነዋል፤ ከተቆጣቸው በኋላ ደግሞ አንጀቱን ይበላዋል። ማለዳ ማለዳ አረቄ ቤት ጎራ ማለት ጀምሯል። ስለራሱ ሲናገር "እንዲያው ከንቱ ሆኛለሁ" ይላል። ድባቴን ለመለየት የምንጠቀምባቸውን ዘጠኝ ጥያቄዎች ጠየቅሁት። ነጥቡ መድኃኒትም ምክርም የሚያስፈልገው ደረጃ ላይ ነበር።

ምክንያቱን ግን እሱ አልነገረኝም። የነገረችኝ ሚስቱ ናት። "ኧረ ዶክተር፣ የእሱ ሕመም ሌላ ነው። ከወንድሙ ጋር ከተጣሉ ወዲህ ሰው አልሆነም።" ገላመጣትና አቀረቀረ። ቆይቶ "አዎ" አለ።

ጠቡ

የጠቡ መነሻ መሬት ነው። አባትየው ከ1989ኙ የመሬት ሽግሽግ በኋላ በእጃቸው ከቀረው ለልጆቻቸው አካፍለው፣ ለራሳቸውና ለሚስታቸው ሁለት ቃዳ አስቀርተው ነበር። ግማሽ ሄክታር መሆኑ ነው። አባት ሲሞቱ እናት ታላቁ ልጃቸው ቤት ገቡ። ሁለቱን ቃዳም እሱ ያርሰው ጀመር። ታናሹ መጀመሪያ ምንም አላለም። በኋላ መሬት እንደገና ተለክቶ ባለ ካርታው የይዞታ ደብተር ሲሰጥ ነገሩ ፈነዳ። መሬቱ በእናት ስም ተመዘገበ። ታላቁ ደግሞ "የምጦራቸው እኔ ስለሆንኩ ከእሳቸው በኋላ የእኔ ነው" የሚል ወረቀት አስፈርሟቸው ተገኘ። ታናሹ ይህን የሰማው ከቀበሌ ሰው ነው።

"መሬቱ አይደለም ያንገበገበኝ" አለኝ። "እኔ በየቀኑ ቤቱ ገብቼ ቡና እጠጣለሁ። አንድ ቀን እንኳ ትንፍሽ አላለም።"

ክስ ተመሠረተ። ዘመድ ለሁለት ተከፈለ። የአክስት ልጅ፣ የአጎት ልጅ ሁሉ ወገን መረጠ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ግን ታናሹ ገና በእግሩ የቆመ ሰው ነበር። የሰበረው ሌላ ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች መቀናጆ ነበሩ። ከተማ ላደገ አንባቢ ልግለጽ፦ አንድ አንድ በሬ ብቻ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች በሬዎቻቸውን አጣምደው፣ ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን ማሳ ያርሳሉ። እነዚህ ከአሥር ዓመት በላይ እንዲያ አርሰዋል። የታናሹ በሬ በቀኝ፣ የታላቁ በግራ መጠመድ ለምደዋል። ከጠቡ በኋላ ታናሹ ከአንድ ጎረቤት ጋር ተቀናጀ። የጎረቤቱም በሬ ቀኝ የለመደ ነው። በግራ ሲያጠምዱት ይገፋል፤ ቀንበሩን ሊጥል ይታገላል። ትልሙ ተጣመመ። ዝናቡ ሊያመልጥ ነው። ታናሹ በሬውን በጅራፍ ደበደበው። አልሄድ ሲለው ሞፈሩን ለቆ ማሳው ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። ትልቁ ልጁ ቆሞ ያየው ነበር። "ልጄ ፊት አለቀስኩ" ብሎ ሲነግረኝ እንኳ ዓይኔን ማየት አልቻለም። እንቅልፍ የጠፋው ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ነው።

አንዱ ሲበጠስ

ከተማ ውስጥ ከወንድሙ የተጣላ ሰው ሌላ ሰፈር፣ ሌላ ሥራ፣ ሌላ ጓደኛ አለው። እዚህ ግን ግንኙነቱ ሁሉ እርስ በርሱ የተያያዘ ነው። ወር በገባ በ12 በሚጠጣው የቅዱስ ሚካኤል ማኅበር ሁለቱም አባል ናቸው። ሰንበቴያቸው አንድ ነው። ዕድራቸው አንድ ነው። ለአጨዳና ለውቂያ ወንፈል የሚገቡት ከእነዚያው ሰዎች ጋር ነው። ልጆቻቸው ከብት የሚያግዱት አብረው ነው።

ታናሹ የወንድሙን ፊት ላለማየት ማኅበሩን ተወ። የራሱ ተራ የደረሰ ዕለት እንኳ ዝግጅቱን ለሚስቱ ጥሎ ገበያ ሄደ። ሰንበቴ ቀረ። ወንፈሉን ትቶ እህሉን በቀን ሠራተኛ አሳጨደ፤ ለዚያ ደግሞ ተበደረ። ልጆቹን ከአጎታቸው ልጆች ጋር እንዳይውሉ ከለከለ። አንድ ዘመድ ሲሞት ለቅሶ ሄዶ ዳር ቆሞ፣ ሳይቀመጥ ተመለሰ። ማንም አላገለለውም። በሩን አንድ በአንድ የዘጋው ራሱ ነው። ሰው ግን እንደ ኩራት ቆጠረበት። አንድ የቅርብ ዝምድና ሲፈርስ ሌሎቹን ይዞ እንደሚወርድ እንደዚህ ጉዳይ ያሳየኝ የለም።

ጠበል ሲሄድ ለምን ይሻለው እንደነበር አሁን ይገባል። እምነቱና ጸሎቱ እንዳለ ሆኖ፣ እዚያ ጠቡን የሚያውቅ ሰው የለም። ከሌላ አገር ከመጣ ሰው ጋር ቆሎ ቆርጥሞ፣ አውርቶ ይተኛል። ማንም "ከወንድምህ ጋር እንዴት ሆናችሁ?" አይለውም። አገሩ ሲገባ ግን እያንዳንዱ መንገድ ወንድሙ ደጅ ያልፋል።

ሌላም አለ፤ ለእኔ የዚህ ጉዳይ ዋናው እሱ ነው። ጆርጅ ብራውንና ቲሪል ሃሪስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ሥራ በደቡብ ለንደን የሚኖሩ ሴቶችን አጥንተዋል። ከባድ ነገር ከደረሰባቸው ሴቶች መካከል፣ ልባቸውን የሚከፍቱለት የቅርብ ሰው የነበራቸው በድባቴ የመያዝ ዕድላቸው በጣም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ታናሹም እንዲህ ያለ ሰው ነበረው። እሱም ወንድሙ ነው። "ድሮ እንዲህ ሆድ ሲብሰኝ የምሄደው እሱ ጋ ነበር" አለኝ። መከራውን ያመጣበትና መከራውን የሚያዋየው ሰው አንድ ሆኑበት። ሚስቱን ይወዳታል። የወንድሙን ነገር ለእሷ መዘርገፍ ግን የአባቱን ቤት ገመና ማውጣት መሰለው። ስለዚህ ለማንም አልተነፈሰም።

ደግሞም ወንድሙን ጠልቶት አልነበረም። ሲያማርረው ቆይቶ "ማረሻ መያዝ ያስተማረኝ እሱ ነው" ይላል። ይህ መወላወል ራሱ ያደክማል። ጁሊያን ሆልት-ለንስታድና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት ሰዎች በዕለት ኑሯቸው ላይ እያሉ የደም ግፊታቸው ተለካ። ግፊቱ ከፍ ያለው ሰዎቹ ከሚወዱትም ከሚከፉበትም ሰው ጋር ሲሆኑ ነው። ያ ደግሞ በጎ ነገር ከማይጠብቁበት ሰው ጋር ሲሆኑ ከታየው እንኳ ይበልጥ ነበር። ለእኔ ይህ ስሜት ይሰጠኛል። ከጠላት ራስን መጠበቅ ይቻላል። ከወንድም ግን ሰው ሁልጊዜ ደግ ነገር ይጠብቃል።

እናቱስ? ታናሹ የወንድሙን ደጅ ስለማይረግጥ እናቱን የሚያያቸው ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ብቻ ነበር። ጉልበት ስሞ ይመለሳል። ዓይናቸው ደክሟል፤ የሚለዩት በድምፁ ነው። ፖሊን ቦስ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በቬትናም ጦርነት የደረሱበት ያልታወቁ አብራሪዎችን ቤተሰቦች ስታጠና ያስተዋለችው ነገር አለ። ሞቱ የተረጋገጠ ሰው ይለቀሳል፤ ኀዘኑም መልክ ይይዛል። ይኑር ይሙት ያልታወቀ፣ ወይም እያለ የራቀ ሰው ኀዘን ግን መቋጫ የለውም። በእኛም አገር ለሞተ ሠልስት አለ፣ አርባ አለ፣ ሰው አብሮ ይቀመጣል። በሕይወት እያሉ ለተለዩ እናትና ወንድም ለቅሶ የሚደርስ የለም። ታናሹ ሁለት ሰው ያጣ ሐዘንተኛ ነበር፤ ግን እግዜር ያጥናህ ያለው ሰው አልነበረም።

የተደረገው

መጀመሪያ የጠየቅሁት ስለ ሞት ነው። "መሞት ትመኛለህ?" አልኩት በቀጥታ። እንዲህ መጠየቅ ሐሳቡን ያስገባበታል ብለው የሚፈሩ አሉ። አያስገባም፤ እንዲያውም ሰውየውን ያቀልለዋል። ተኝቶ ባይነሳ እንደሚመርጥ ነገረኝ። ዕቅድ አልነበረውም። ቢሆንም ለበርበሬው የሚረጨውን የተባይ መድኃኒት ሚስቱ ከቤት አውጥታ ወንድሟ ዘንድ እንድታስቀምጠው ተስማማን። በገጠር ይህን አንድ ነገር ማድረግ ብቻውን ሕይወት ያተርፋል። ባለሙያ ሆኖ ይህን የማይጠይቅ ሰው ያሳዝነኛል።

ፍሉኦክሰቲን የሚባለውን የድባቴ መድኃኒት ጀመረ። ቶሎ እንደማይሠራና ሳምንታት እንደሚወስድ ደጋግሜ ነገርኩት። ይህ ካልተነገረ ሰው ገና ሳይጀምር ይተወዋል። አረቄውን ቀስ በቀስ ቀነሰ። ትንንሽ ሥራ ሰጠሁት፦ ማታ ማታ ከልጆቹ ጋር እሳት ዳር ቁጭ ማለት፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ከአንድ ሰው ጋር ማውራት፣ ሌሊት ሲባንን ብቻውን ከመገላበጥ ሚስቱን መቀስቀስ። የመጨረሻው ከሁሉም ከበደው። "እሷም ሥራ ውላ ነው የምትተኛው" አለ። እሷ ግን "ነቅቼ ነው የምሰማህ፤ ዝም ስትል ነው የሚብሰኝ" አለችው።

ከዚያ ወደ ጠቡ መጣን። ሽማግሌዎች እኔ ጋ ከመምጣቱ በፊት ሞክረው ነበር። ዋርካ ሥር ተቀምጠው መሬቱን አስቀደሙ፤ ማን ስንት ይውሰድ አሉ። ሁለቱም ያመጡት ቂም ተዘርግፎ፣ ስድብ ተጨምሮበት ተበተነ። ጎረቤትም በበኩሉ "ወንድ ልጅ ይችላል"፣ "ወንድምህ አይደል፣ እለፈው" ይለዋል። ይህን ምክር አልወደውም። የታናሹ ቅሬታ እውነተኛ ነበር። ተበድያለሁ የሚልን ሰው እለፈው ማለት አልተበደልክም እንደማለት ነው። ሰውየው ከበደሉ በላይ በደሉን ማንም ስላላመነለት ይታመማል።

በሩን የከፈቱት ሌሎች ናቸው። ሁለቱ ወንድማማቾች የንስሐ አባታቸው አንድ ነው። ታናሹ ሲፈቅድልኝ ካህኑን ሄጄ አነጋገርኳቸው። ብዙ አልተናገሩም። "መሬቱ ፍርድ ቤት ይቆይ። እናታቸውን ግን ማንም አልከሰሳቸውም" አሉኝ። ከዚህ የተሻለ የሕክምና ዕቅድ አላውቅም። እኛ ሁላችን ጠቡን አንድ ትልቅ ነገር አድርገን፣ ሁሉም ካልተፈታ ምንም አይፈታም ብለን ቆመን ነበር። እሳቸው ግን ከመሬቱ ውስጥ እናትየውን ለይተው አወጡ።

ሁለተኛው በር ሚስቶቹ ናቸው። እነሱ ከቶም አልተጣሉም። ባሎቻቸው ሳያውቁ ቦኖ ውሃ ላይ ይገናኛሉ። እርሾ ሲያልቅ አንዷ ከሌላዋ ትወስዳለች። ወንፊቱ በልጆች እጅ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። የታላቁ ሚስት ባሏም እንቅልፍ እንደሌለው፣ ራሱን እንደሚያመው የነገረቻት ለታናሹ ሚስት ነው። በእሷ ጉትጎታ ታላቁ ጤና ጣቢያ መጣ፤ ደም ግፊቱ ከፍ ብሎ ተገኘና ክትትል ጀመረ። ግፊቱ ከጠቡ የመጣ ነው አልልም፤ ግፊት ብዙ መነሻ አለው። ግን እሱም እየተጎዳ መሆኑን ታናሹ ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። ያን ጊዜ ድረስ ታላቁ ደልቶት የሚኖር ይመስለው ነበር።

ካህኑ ከታላቁ ጋር፣ ሚስቶቹም እርስ በርሳቸው ተነጋግረው፣ እናት ከሁዳዴ ጾም የተወሰነውን ጊዜ ታናሹ ቤት እንዲያሳልፉ ተወሰነ። በቅሎ ላይ አስቀምጦ ያመጣቸው የታላቁ ልጅ ነው። ታናሹ ስለ መሬቱ አንድም ቃል እንዳያነሳባቸው ቃል ገብቶ ነበር፤ ጠበቀው። እሳቸው ግን ራሳቸው አነሱት። ወረቀቱን ሲፈርሙ ምን እንደሚል እንዳልተነበበላቸውና ማንንም ልጃቸውን መንቀል እንዳልፈለጉ ነገሩት። "አልተነበበልኝም እኮ ልጄ" ነው ያሉት። ቀጠሮው ደርሶ ሲመጣ መጀመሪያ የነገረኝ ይህንን ነው። መሬቱ አልተመለሰም። ግን እናቱ እንዳልተዉት አወቀ።

በዚያ ወር ሌሊት መባነኑ ቀነሰ። እንጀራ መጉረስ ጀመረ። መድኃኒቱ ነው እናቱ? ሁለቱም ናቸው እላለሁ። መድኃኒቱ ጉልበት ባይሰጠው ኖሮ እናቱን ተቀብሎ የሚያጫውትበት አቅም አልነበረውም። እናቱ ባይመጡ ኖሮ ደግሞ መድኃኒቱን ለማንም የሚሰጥ ኪኒን አድርጎ ቆጥሮ ይተወው ነበር ብዬ አምናለሁ።

ዕርቁ እስከምን ድረስ

ወንድማማቾቹ በዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን ሰላም ተባባሉ። ሽማግሌዎቹ በዚያ ላይ ተመልሰው ገቡ፤ አሁን የሚያወሩት ቀዝቀዝ ካሉ ሰዎች ጋር ነው። እናት ባሉበት፣ አንዱን ቃዳ አንዱ፣ ሌላውን ሌላው እንዲያርስ፣ ሁለቱም ለእናት ቀለብ እንዲሰፍሩ ተስማሙ። ክሱ ተነሳ። ታላቁ ወረቀቱን በማስፈረሙ ይቅርታ ጠየቀ፤ ሽማግሌ ፊት በአንደበቱ። ለታናሹ ከመሬቱ ይልቅ ይህ ትልቅ ነገር ነበር።

መቀናጆው ግን አልተመለሰም። ታናሹ በርበሬውን ሸጦ ሁለተኛ በሬ ገዛ። እንደ ድሮው በየቀኑ ወንድሙ ቤት ቡና አይጠጣም። ማኅበሩ ላይ አብረው ይቀመጣሉ፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ ማዳበሪያ ያወራሉ። ይህንን እንደ ጉድለት የሚያዩ የሥራ ባልደረቦች ነበሩኝ። እኔ አልስማማም። ታናሹን ያዳነው ከወንድሙ ጋር እንደ ልጅነታቸው መሆን አይደለም። በወንድሙ ምክንያት የዘጋቸው በሮች መከፈታቸው ነው። ማኅበሩ፣ ሰንበቴው፣ ወንፈሉ፣ የእናቱ ድምፅ፣ የልጆቹ ጨዋታ ተመለሱ። ለእነዚያ ደግሞ ሙሉ ፍቅር አላስፈለገም። ወንድሙ በተቀመጠበት ቤት ገብቶ መቀመጥ መቻል በቃ።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ይህን ጉዳይ አንብቦ "እንግዲህ የተጣላ ሁሉ ይታረቅ" የሚል እንዳይኖር። እዚህ ቤት ዱላ አልነበረም፤ ማስፈራራት አልነበረም። ባሏ የሚደበድባትን ሴት "ትዳር ነው፣ ቻይው" ብለው ሽማግሌዎች መልሰው ሲያስገቧት አይቻለሁ። እንዲህ ያለው ዕርቅ ሕመሙን ይጨምራል፤ ሲብስም ይገድላል። የቅርብ ሰው ለአእምሮ ጤና መድኃኒት የሚሆነው ደኅንነት ያለበት ቦታ ላይ ነው። ደኅንነት ከሌለ ቀድሞ የሚያስፈልገው መራቅና መጠጊያ ማግኘት ነው። ሰው የምናማክር ሁላችን ከማስታረቃችን በፊት ለየብቻ ጠርተን "ትፈሪዋለሽ? ትፈራዋለህ?" ብለን መጠየቅ አለብን።

የዓለም ጤና ድርጅት ለጠቅላላ ጤና ባለሙያዎች ያዘጋጀው መመሪያ፣ የድባቴ መድኃኒት ሕመሙ ከለቀቀ በኋላ ከ9 እስከ 12 ወር እንዲቀጥል በዚያን ጊዜ ይመክር ነበር። ታናሹም እንዲያ ወሰደና ቀስ በቀስ አቆመ። በሚቀጥለው ዓመት እርሻ ሲጀመር እንቅልፉ ተዛባ፤ አረቄ ቤትም ታየ። ሚስቱ ምልክቱን ታውቃለች፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሲነቃ ዝም ካለ ይዛው ትመጣለች። ያን ጊዜም ይዛው መጣች። በምክር ብቻ ተሻለው።

ያልተቋጨ ነገር አለ። ስምምነቱ በቃል ነው። ደብተሩ አሁንም በእናት ስም ነው፤ ያ ያልተነበበላቸው ወረቀትም አልተቀደደም። እሳቸው ያለፉ ዕለት ልጆቹ ባይጣሉ የልጅ ልጆቹ ሊጣሉ ይችላሉ። ለሁለቱም እናታቸው ነፍሳቸው ሳለ ቃላቸው በምስክር ፊት እንዲጻፍ፣ ከመፈረማቸው በፊትም ጮክ ተብሎ እንዲነበብላቸው ነግሬያቸው ነበር። ታናሹ እሺ ብሏል። ታላቁ "ከአጨዳ በኋላ" አለ። ከአካባቢው በሥራ እስከተነሳሁበት ጊዜ ድረስ አልተጻፈም።